ስፓኒሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር

ዛሬ ስለ ስፓኒሽ ሰዋስው ትንሽ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ስፓኒሽ በስፔን፣ በሜክሲኮ፣ በአርጀንቲና፣ በኩባና በሌሎችም ብዙ አገሮች ይነገራል። «እኛን ምን አገናኘን?» እንዳትሉ! ሳናውቀው በየቀኑ የምንጠራቸው የስፓኒሽ ቃላት አሉ።

የምንማርባት ዓረፍተ ነገር ይቺ ናት፦

ኤል ኒኞ ቤቤ አጓ።

ትርጉሟ «ልጁ ውሃ ይጠጣል» ማለት ነው። አሁን አንድ በአንድ እንያት።

1. ኤል፦ በአማርኛ «ልጅ» እና «ልጁ» አንድ አይደሉም። «ልጁ» ስንል የምናውቀው ልጅ ነው። ይህን የምታሳየው መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» ናት። ስፓኒሽ ግን ከስሙ በፊት ሌላ ቃል ያስቀምጣል። ለወንድ «ኤል»፣ ለሴት «ላ» ይላል። ዕቃ ሳይቀር ወንድና ሴት ተብሎ ይከፈላል። የኳስ ደጋፊዎች፣ «ላሊጋ» ማለት እኮ «ሊጉ» ማለት ነው! ሊግ በእነሱ ዘንድ ሴት ስለሆነ «ላ» አለ፤ «ኤል ክላሲኮ» ደግሞ ወንድ ነው።

2. ኒኞ፦ ወንድ ልጅ ማለት ነው። ሴት ከሆነች «ላ ኒኛ» ትባላለች። ብዙ ጊዜ በ«ኦ» የሚጨርስ ስም ወንድ፣ በ«ኣ» የሚጨርስ ሴት ነው። በዜና የምንሰማው «ኤልኒኖ» ከዚሁ የመጣ ነው። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በገና ሰሞን የባሕሩ ውሃ ሲሞቅ ስላዩ በሕፃኑ ኢየሱስ «ልጁ» ብለው ሰየሙት። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን ለደረሰው ድርቅ አንዱ ምክንያት ኤልኒኖ ነበር። ስሙ «ልጁ»፣ ሥራው ግን ከባድ!

3. ቤቤ፦ ግሱ ነው። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቤቦ – እጠጣለሁ
ቤቤስ – ትጠጣለህ፣ ትጠጫለሽ
ቤቤ – ይጠጣል፣ ትጠጣለች
ቤቤሞስ – እንጠጣለን
ቤቤን – ይጠጣሉ

በእንግሊዝኛ «ድሪንክ» ብቻ ብንል ማን እንደሚጠጣ አይታወቅም፤ «አይ» ወይም «ዊ» መጨመር አለብን። በአማርኛ ግን «እጠጣለሁ» ካልን «እኔ» ማለት የግድ አይደለም፤ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ። ስፓኒሽም ልክ እንደኛ ነው። «ቤቦ» ማለት ብቻውን ይበቃል። ልዩነቱ፣ የእኛ ግስ «ይጠጣል» እና «ትጠጣለች» ብሎ ወንድና ሴትን ሲለይ የእነሱ አይለይም።

4. አጓ፦ ውሃ ነው። ቦታውን ልብ በሉ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ሆኖ ዓረፍተ ነገሩን ያስራል። በስፓኒሽ ግን ግሱ መሀል ገብቶ ውሃው መጨረሻ ላይ ቀርቷል። በዚህስ ከእንግሊዝኛ ጋር ይመሳሰላል።

እንግዲህ አንዳንዶቻችን የአማርኛ ሰዋስው ለፈተና ካልሆነ ምን ይሠራል እንላለን። ነገር ግን ባለቤትን፣ ተሳቢንና ማሰሪያ አንቀጽን በራሱ ቋንቋ ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ ሌላ ቋንቋ ሲማር ከዜሮ አይጀምርም። እንግሊዝኛ ላይ አስቸጋሪ የሆነብን ነገር ስፓኒሽ ላይ ሊቀለን ይችላል። ቤታችሁ ሌላ ቋንቋ የምትናገሩም ይቺኑ ዓረፍተ ነገር በቋንቋችሁ አስቀምጡና ግሱ የት እንደሚቀመጥ፣ ባለቤቱንም ይናገር እንደሆነ እዩ።

ጥያቄ፦ «ልጅቷ ውሃ ትጠጣለች» እና «ውሃ እንጠጣለን» በስፓኒሽ እንዴት ይባላሉ? መልሱን ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ።

ቸር እንሰንብት!