ሕጉ ሲለወጥ አእምሮ ለምን ይዘገያል?

የዛሬው ርእሳችን ልጆቻችሁን የሚመለከት ነውና አባትም እናትም አብራችሁ ብትከታተሉን መልካም ነው።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአካባቢው ከተሞች የሚያድግ አንድ ሙስሊም ልጅ በቀን ስንት ዓይነት ንባብ እንደሚያነብ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ትምህርት ቤት ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ በላቲን ፊደል ያነባል። እንግሊዝኛም በዚያው በላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ሲመጣ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብሎ ወደ ግዕዝ ፊደል ይዞራል። ከዐስር ሰላት በኋላ መድረሳ ሲገባ ደግሞ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያለ ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል። አራት ቋንቋ፣ ሦስት ዓይነት ፊደል፣ ሁለት አቅጣጫ!

ታዲያ ልጁ ሲሳሳት አንዳንዱ ወላጅ «ልጄ ደነዘዘ» ይላል። ሌላው «መድረሳው ጭንቅላቱን አምታታበት፣ ቢያቆም ይሻላል» ይላል። አለንጋ የሚያነሳም አይጠፋም። ከመፍረዳችን በፊት ግን አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1927 አርተር ጀርሲልድ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን በተርታ የተጻፉ ቁጥሮች እንዲያሰሉ አደረጉ። አንዱን ተርታ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ስሌት ብቻ ሠሩት፤ ሌላውን አንዴ እየደመሩ አንዴ እየቀነሱ። መደመሩም መቀነሱም ቀላል ነበር። ሆኖም እያፈራረቁ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሮበርት ሮጀርስና ስቲቨን ሞንሴል መዘግየቱ የሚበረታው ሥራው እንደተለወጠ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መሆኑን አሳዩ። አስቀድሞ የመዘጋጃ ጊዜ ሲሰጥ መዘግየቱ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጤነኛ አዋቂዎች ናቸው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሥራ ሲለወጥ አንጎል አዲሱን ሕግ ማውጣት ብቻ ሳይሆን አሮጌውንም መግታት አለበት። አሮጌው ግን ወዲያው አይለቅም፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ምጣዱ ግሎ እንደሚቆየው ማለት ነው። ይህን መቀያየር በዋነኛነት የሚመራው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ በካናዳ የሚሠሩ ሳይንቲስት እንዳሳዩት፣ ይህ ክፍል የተጎዳባቸው ሕሙማን ካርዶችን በአንድ ሕግ ሲለዩ ቆይተው ሕጉ ሲለወጥ በአሮጌው ይቀጥላሉ።

ይኸው ክፍል በልጆች ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። የሦስት ዓመት ሕፃን ካርዶችን በቀለም ሲለይ ቆይቶ «አሁን በቅርጽ ለይ» ቢባል፣ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ሕግ በአፉ እየተናገረ እጁ በአሮጌው ይቀጥላል። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን አብዛኛው ልጅ ይዞርለታል። ስለዚህ «ነግሬው እያወቀ እንቢ አለኝ» የምንለው ሁሉ እንቢተኝነት አይደለም።

ወደ መድረሳው ጥያቄ እንመለስ። ጀርሲልድ ሌላም ነገር አግኝተዋል። ሁለቱ ሥራዎች በመልካቸው የተለያዩ ሲሆኑ፣ ማለትም አንዱ በቁጥር ሌላው በቃል ሲሆን፣ ያ መዘግየት አልታየም። በብርቱ የሚያስቸግረው ያው አንድ ነገር ሁለት ሕግ ሲኖረው ነው። አሊፍና «ሀ» በመልክ አይመሳሰሉም፤ ዓይን ገና ሲያያቸው የየትኛው ቋንቋ እንደሆኑ ይለያል። ኤክስ የምንለው የላቲን ፊደል ግን በሀዲይኛና በከምባትኛ «ጠ» ተብሎ ይነበባል፤ በእንግሊዝኛ «ክስ» ነው። ሲ የምንለው እዚህ «ጨ»፣ እዚያ «ክ» ወይም «ስ» ነው። በመድረሳ በኩልም ይህን የመሰለ አለ፦ በሒሳብ ደብተር ዜሮ የሆነችው ክብ፣ በዐረብኛው አኃዝ አምስትን ትመስላለች። እንግዲህ ልጁን ከመድረሳ ማስቀረት በኤክስና በሲ ላይ የሚሳሳተውን አያርምለትም፤ ከቁርኣን ብቻ ያርቀዋል።

ይህ ጉዳይ የልጆች ብቻ አይደለም። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽከርካሪ የሚሄደው መንገዱን ቀኙን ይዞ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ግን ግራውን ይዞ ነው። አዲስ የሄደ ሰው አስፋልት ሊሻገር ሲል ልማዱ በመጀመሪያ ወደ ግራ ያሳየዋል፤ መኪናው ግን በቀኙ በኩል ይደርስበታል። እዚህ ላይ የአሮጌው ሕግ ዋጋ ነፍስ ሊሆን ይችላል። ስትደውሉላቸው «ከመሻገርህ በፊት ቁም፣ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከት» በሏቸው።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከትምህርት ቤት የመጣውን ልጅ ወዲያው ወደ መድረሳ አናጣድፈው። ቢበላ፣ ውዱእ ቢያደርግ፣ ቢሰግድ አእምሮውም የመዘጋጃ ጊዜ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ሕጉ መለወጡን በግልጽ እንንገረው። ኡስታዙ በአዑዙቢላህና በቢስሚላህ ሲጀምር አንድ ምልክት ሰጠው ማለት ነው። በቤትም «አሁን እንግሊዝኛ ነው፤ ኤክስ «ጠ» አይደለም» ብንለው ይረዳዋል። የየትምህርቱ ደብተርም ለየብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የቤት ሥራውን አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው እንዳይዘል እናድርግ። ስልክና ቴሌቪዥንም ይራቁ።

አራተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ሲሳሳት እንታገሠው። ዱላ አሮጌውን ሕግ አያስወጣም፤ ፍርሃትን ይጨምራል እንጂ። ስሕተቱ በሁሉም ትምህርት፣ ከጀመረ ቆይቶም የማይቀንስ ከሆነ ግን ዓይኑንና ጆሮውን በጤና ተቋም እናስመርምረው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ልጆቻችን አማና ናቸው። የተሸከሙት ቀላል እንዳልሆነ አውቀን እንርዳቸው። አላህ ዕውቀታቸውን ይጨምርላቸው፣ ለእኛም ትዕግሥቱን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።