የማርስን ወራሪዎች ማን ገደላቸው?

እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1898 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ባወጣው «የዓለማት ጦርነት» በተሰኘ ልብ ወለድ፣ ከማርስ የመጡ ፍጡራን ደቡብ እንግሊዝን በሙቀት ጨረርና በመርዛማ ጭስ ያወድማሉ። መድፍ ሊገታቸው አልቻለም፤ የፈጇቸው በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ይህን አጨራረስ ደራሲው መውጫ ሲያጣ የዘየደው አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዌልስ ሥነ ሕይወትን ከቶማስ ሃክስሊ የተማረ ነውና ነገሩን በተፈጥሮ ምርጫ ያስረዳል፦ የሰው ልጅ ከትውልድ ትውልድ ከጀርሞች ጋር እየታገለ የመከላከል አቅም አዳብሯል፤ ወራሪዎቹ ግን ጀርም ከሌለበት ዓለም ስለመጡ መከላከያ አልነበራቸውም።

ይህ በእርግጥ ሊሆን ይችላልን? ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው ቁልፍ ከጋን ጋር እንደሚገጥም ሁሉ ከሕዋሱ ገጽ ጋር ሲገጥም ነው፤ በባዕድ ፍጡር አካል ላይ ይህ የሚሆን አይመስልም። ምግብና እርጥበት ባገኘበት ሁሉ የሚራባ ባክቴሪያ ግን ያን ያህል መራጭ አይደለም።

ሳይንቲስቶችም ስጋቱን አልናቁትም። በ1969 ከጨረቃ የተመለሱት የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ለሳምንታት ከሰው ተገልለው ቆይተዋል። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ደግሞ ከመምጠቃቸው በፊት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት እንዲቆዩ ተደርጓል፤ የተፈራው የምድር ጀርም ማርስን እንዳይበክል፣ የሕይወት ፍለጋውንም እንዳያሳስት ነበር።