«ተገላገለች» ካልን በኋላ

የወለደችን ሴት «ተገላገለች» እንላለን። ጠያቂውም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ አደጋው ከምጡ ጋር አብሮ የወጣ ይመስል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በ36 ክፍለ ግዛቶች ከእርግዝና ጋር የተያያዙ ሞቶች ሲመረመሩ ግን 53 በመቶዎቹ የደረሱት ከወሊድ በኋላ ከሰባተኛው ቀን እስከ ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። ከአምስቱ ከአራት በላይ የሚሆነውን ሞት መከላከል ይቻል ነበር ተብሏል። ደም ግፊትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጣሪያ የሚነካው እናትየዋ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ላይ ነው።

በአገሪቱ ጥቁር እናቶች የሚሞቱበት መጠን ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። «ድህነትና አለመማር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ዲግሪ ያላት ጥቁር እናት ግን ሁለተኛ ደረጃ ካላጠናቀቀች ነጭ እናት የበለጠ የመሞት ዕድል አላት። ሻሎን ኧርቪንግ ራሷ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪ፣ በሁለት የትምህርት መስኮች ዶክትሬት ያላት ነበረች። ከወለደች በኋላ ሕመሟን ይዛ ሐኪም ቤት ተመላልሳለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2017፣ ከወለደች ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ከደም ግፊት ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች።

እኔን የሚያናድደኝ ግን «ከቀጠሯቸው ራሳቸው ይቀራሉ» የሚለው ነው። በእርግዝና ጊዜ ግፊት የነበረባት እናት ከወለደች በአሥር ቀን ውስጥ መለካት አለባት። ፊላደልፊያ በሚገኘው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ 206 እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ እንደ ወትሮው የክሊኒክ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ሌሎቹ የክንድ ግፊት መለኪያ ተሰጣቸው፤ ለሁለት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ «ስንት ሆነ?» የሚል ቴክስት ይደርሳቸዋል፣ ቁጥሩን ጽፈው ይመልሳሉ። ቁጥሩ አስጊ ከሆነ ሐኪም ይጠራል።

የክሊኒክ ቀጠሮ ከተሰጣቸው መካከል ግፊታቸው በጊዜው የታወቀው ከጥቁሮቹ 33 በመቶ፣ ጥቁር ካልሆኑት ደግሞ 70 በመቶ ነበር። በቴክስት ሲጠየቁ ጥቁሮቹ 93፣ ሌሎቹ 91 ሆኑ። በእናቶቹ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የሰባት ቀን ሕፃን አቅፈሽ አውቶቡስ ጠብቂ የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ ዘመናዊ ስልክም ሆነ መተግበሪያ አላስፈለገም። መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር ይሻላል የሚለው እምነት እንዲያውም ጥንቃቄ ይሻል፦ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ሕሙማን ላይ የወረደውን ኦክስጅን የሚስተው ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። የክንዱ መለኪያ የቆዳ ቀለም አያይም። ክንዷ ወፍራም ለሆነ ሴት ሰፋ ያለ መጠቅለያ ይፈለግላት እንጂ፤ ጠባቡ ግፊቱን አጋንኖ ያሳያል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አራስ እህታችንም ሆስፒታሉ ቅጽ ላይ የምትገባው «ብላክ» በሚለው ሣጥን ነው። ገንፎው፣ ጠያቂው፣ የሚያሳርፍ ዘመድ ካለ እሰየው። ችግሩ ቤቱ በሰው ሲሞላ ራስ ምታቷ «እንቅልፍ አጥታ ነው፣ ቡና ይፈላላት» ተብሎ መታለፉ ነው። አልለቅ ያለ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ቡና አይፈታቸውም። መለኪያው የላይኛውን ቁጥር 160 ወይም የታችኛውን 110፣ ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ደግሞ እስከ ነገ አይቆይም።

ድንገተኛ ክፍል ደርሳ «ራሴን አሞኛል» ብቻ ብትል ወረፋ ትጠብቅ ይሆናል። መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው «ከሁለት ሳምንት በፊት ወልጃለሁ» ይሁን። ቀጥላ ስልኳን ታሳይ፤ ግፊቷን እየለካች ከመዘገበች የጠዋቱም የማታውም ቁጥር ከነሰዓቱ እዚያው ተጽፏል።