ባልና ሚስት አይወራረሱም

ሰው ሳይናዘዝ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ፣ በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ፣ በቅዱስ ቁርባን ተጋብቶ ዘመኑን ሁሉ ከሟች ጋር በአንድ ማዕድ የቆረሰ እንኳ ቢሆን፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወራሾች ተርታ እንደማይቈጠር ያውቁ ኖሯል? ከጋራው ሀብት እኩሌታውን የሚወስደው በባለቤትነቱ እንጂ በወራሽነቱ አይደለም፤ ሕጉ በዚህ ረገድ የተመለከተው የሥጋን ዝምድና ነውና። የሟች ድርሻ ወንድ ሴት ሳይባል ለልጆቹ በእኩልነት ይከፈላል፤ ከእነርሱም አስቀድሞ ያረፈ ቢኖር ልጆቹ በእግሩ ተተክተው ይወርሳሉ። ተወላጅ ከሌለ ወላጆች፣ ቀጥሎም አያቶችና ቅድመ አያቶች ከነተወላጆቻቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው ይጠራሉ፤ ከእነዚህ ሁሉ አንድ ስንኳ ያልተገኘ እንደ ሆነ ውርሱ ለመንግሥት ይሆናል።