በሌላ ሰው ስም የሞተው ጠበቃ

ቻርልስ ዲከንስ የተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ ደራሲ «የሁለት ከተሞች ታሪክ» የሚለውን ልብ ወለድ ድርሰቱን በ1859 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ራሱ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር እየከፋፈለ ባወጣ ጊዜ፥ የታሪኩን ክብደት በማን ትከሻ ላይ ሊጭን እንዳሰበ ለረጅም ጊዜ ሰውሮ አቆይቶታል። ሁለቱ ከተሞች ለንደንና ፓሪስ ናቸው፤ ዘመኑም የፈረንሳይ ሕዝብ በንጉሡና በመኳንንቱ ላይ የተነሣበት የታላቁ አብዮት ዘመን ነው። በባስቲል ወህኒ 18 ዓመት ታስሮ አእምሮው የታወከ ሐኪም፥ በፍቅሯ ወደ አእምሮው የመለሰችው ልጁ፥ የዘመዶቹን ግፍ ተጸይፎ ማዕረጉንና ርስቱን የተወ የመኳንንት ልጅ፥ ልትበቀላቸው የምትሻቸውን ሰዎች ስም በሹራብ ሥራዋ ውስጥ በምልክት እየመዘገበች የምታስቀምጥ የመጠጥ ቤት እመቤት፥ እነዚህ ሁሉ በፊታችን ይመላለሳሉ። ከእነርሱ ኋላ፥ እጁን ከኪሱ ከትቶ የችሎቱን ጣሪያ እያየ የሚቀመጥ ሲድኒ ካርተን የሚባል ሰካራም የሕግ ሰው አለ፤ መጽሐፉ ሲዘጋ ከአንባቢው ልብ የማይወጣው ግን እርሱ ነው።

ካርተን ሰነፍና ዋዛ ፈዛዛ ነው እየተባለ ይታማል፤ ራሱም ስለ ራሱ የሚናገረው ከዚህ የተሻለ አይደለም። ዳሩ ግን ደራሲው በሌሊት ወደ አንድ የሥራ ክፍል ይዞን ሲገባ የምናየው ሌላ ነገር ነው። ስትራይቨር የተባለው ድምፁ የጎላና ደፋር ጠበቃ በሶፋው ላይ ተንጋሎ ሳለ፥ ካርተን ጠርሙሱንና ብርጭቆውን በአጠገቡ አድርጎ፥ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ በራሱ ላይ ጠምጥሞ፥ የሙግቱን መዝገብ አንድ በአንድ ይመረምራል፤ የነገሩን ሥር ፈልፍሎ ያወጣል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሥራውን ሲፈጽም ያዘጋጀውን ሁሉ ለስትራይቨር ያስረክባል። በችሎት ቆሞ የሚናገረው ስትራይቨር ነው፤ ምስጋናውም፥ ገንዘቡም፥ ዝናውም የስትራይቨር ነው። ደራሲው ስትራይቨርን አንበሳ፥ ካርተንን ደግሞ ለአንበሳው ግዳይ የሚያፈላልግ ቀበሮ ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ካርተን ጎሕ ሲቀድ ወደ ባዶ ቤቱ ገብቶ፥ ልብሱን ሳያወልቅ ባልተነጠፈ አልጋው ላይ ይወድቃል፤ ትራሱም በእንባው ይርሳል። የመጽሐፉ ቍልፍ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ካርተን በሌላ ሰው ስም ከመሞቱ በፊት፥ ዓመታት ሙሉ በሌላ ሰው ስም መሥራትን የለመደ ሰው መሆኑን የምናውቀው ከዚህ ነው።

ካርተን፥ ማዕረጉን ከተወው የመኳንንት ልጅ ከቻርልስ ዳርኔ ጋር የተገናኘው በ1780 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ኦልድ ቤይሊ በተባለው ችሎት ነው። ዳርኔ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰልሏል ተብሎ በክህደት ወንጀል ተከሶ ነበር፤ የተፈረደበት እንደ ሆነ ከሞትም አልፎ አካሉ እንዲቆራረጥ የሚያዝዝ ሕግ በዚያ ዘመን ይሠራ ነበር። አንድ ምስክር በሌሊት ያየሁት ሰው ይህ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ሲናገር፥ ካርተን በብጣሽ ወረቀት ጥቂት ቃል ጽፎ ለስትራይቨር ወረወረለት፤ ስትራይቨርም ባልደረባው በራሱ ላይ የደፋውን የጠበቃ ሰው ሠራሽ ጠጕር አውልቆ ከተከሳሹ ጋር እንዲተያይ ለመነ። ሁለቱ ሰዎች እንደ መንታ ወንድማማች ይመሳሰሉ ኖሮ የምስክሩ ቃል ፈረሰ፤ ዳርኔም ነጻ ወጣ። በዚያ ማታ ካርተን ዳርኔን ራት ይዞት ሄዶ ከሸኘው በኋላ፥ ብቻውን በመስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ይመረምራል፤ ይህን ሰው የሚጠላው ክፋት አግኝቶበት ሳይሆን፥ እርሱ ራሱ ሊሆን ሲችል ያልሆነውን ሰው ስለሚያሳየው መሆኑን ለገዛ መልኩ ይናዘዛል። የሐኪሙን ልጅ ሉሲ ማኔትን ሁለቱም ወደዱ፤ ያገባት ግን ዳርኔ ነው። ካርተን ከሠርጉ አስቀድሞ አንድ ቀን ብቻዋን አግኝቶ፥ እጅዋን ሳይጠይቅ፥ ተስፋም ሳይኖረው፥ ለእርስዋና ለምትወደው ሰው ሲል በሕይወቱ የማይሰስት መሆኑን ነገራትና ምስጢሩን እንድትጠብቅለት ብቻ ለምኗት ወጣ።

ይህ አሳብ ለዲከንስ የመጣለት ከቴአትር መድረክ ላይ ነው። በ1857 ዓ.ም. ወዳጁ ዊልኪ ኮሊንስ በደረሰው ተውኔት ውስጥ ዲከንስ ራሱ ዋርዶር የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫውቶ ነበር፤ ዋርዶርም የሚወዳትን ሴት ያሳጣውን ተቀናቃኙን በዋልታው በረዶ መካከል ጥሎት መሄድ ሲቻለው፥ ተሸክሞ አድኖት እርሱ ይሞታል። ደራሲው የመጽሐፉ ዋና አሳብ በዚያ ጊዜ እንደ ተፀነሰ በመቅድሙ ላይ ገልጿል። ያ ተውኔት በማንቸስተር ሲታይ ከዲከንስ ጋር ከተጫወቱት መካከል ኤለን ተርናን የምትባል የ18 ዓመት ወጣት ነበረች፤ በማግሥቱ ዓመትም ዲከንስ ከሚስቱ ከካትሪን ተለየ፤ ስለዚህ ለራሱ ሊያደርጋት የማይችላትን ሴት የሚወድ ሰው ሲሥል ቀለሙን ሁሉ ከልብ ወለድ እንዳልቀዳ መገመት አያዳግትም።

የአብዮቱን ታሪክ ግን የተማረው በ1837 ዓ.ም. ከታተመው ከቶማስ ካርላይል መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ፥ ሎይዝሮል የተባሉ አንድ አረጋዊ ከልጃቸው ጋር ታስረው ሳሉ የልጃቸው ስም ለሞት ቢጠራ፥ ልጁ እንቅልፍ ይዞት ነበርና፥ አቤት ብለው ተነሥተው በፈንታው እንደ ተገደሉ ተጽፎ እናገኛለን፤ የችኮላው ችሎት የክርስትና ስም ልዩነትን እንደ ትልቅ ነገር አልቈጠረውም። እንግዲህ ካርተን ያደረገው ነገር በልብ ወለድ ዓለም ብቻ የሚሆን አይደለም።

የዳርኔ እውነተኛ የቤተ ሰብ ስም ኤቭሬሞንድ ነው። አጎቱ ማርኪሱ፥ ሠረገላው በፓሪስ ጎዳና አንድ የድኻ ሕፃን ጨፍልቆ ቢገድል፥ በመስኮት በኩል አንድ የወርቅ ገንዘብ ለአባቱ ወርውሮ መንገዱን የቀጠለ ሰው ነው። ዲከንስ የሕዝቡ ቍጣ ከየት እንደ መነጨ አይሸሽግም፤ ያ ቍጣ በኋላ ጻድቁን ከኃጥኡ ሳይለይ ሲፈጀውም እንዲሁ አይሸሽግም። ዳርኔ በ1792 ዓ.ም. በእርሱ ምክንያት የታሰረበትን አገልጋዩን ሊያድን ወደ ፓሪስ ተመልሶ ተያዘ፤ 1 ዓመት ከ3 ወር ታስሮ ከተፈታ በኋላ በዚያው ቀን እንደ ገና ያዙት። በመጨረሻ የሞት ፍርድ ያመጣበት ሌላ ሰው አይደለም፤ የገዛ ሚስቱ አባት ነው፤ ሐኪሙ ማኔት ከብዙ ዓመት በፊት በባስቲል ሳለ የኤቭሬሞንድን ዘር እስከ መጨረሻው ትውልድ የከሰሰበትና በግድግዳ ውስጥ የሸሸገው ጽሕፈት ተገኝቶ በችሎት ተነበበ። ማኔት በልጁ በሉሲ ባል ላይ ሳያውቅ የመሰከረበት ይህ ክፍል፥ ከመጽሐፉ አጋጣሚዎች ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቅ ነው።

ወደ ፓሪስ የመጣው ካርተን ወደ ሥራ የገባው ዳርኔ እንደ ገና በተያዘባት ሌሊት ነው፤ አገባቡም ስሜት የገነፈለበት ሰው አገባብ አልነበረም። ባርሳድ የተባለ፥ ለሁለት ወገን ያደረ ሰላይ በወህኒ ቤቱ ዘበኛ ሆኖ ይሠራ ነበርና፥ ካርተን የቀድሞ ምስጢሩን በፊቱ እየዘረጋ አስጨንቆ ያስገድደዋል፤ ይህንንም ሲያደርግ በብርጭቆው የቀዳውን ብራንዲ በምድጃው ላይ ቀስ እያለ ያፈስሰዋል፤ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ብርቱ መጠጥ አልቀመሰም። ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ሱቅ ገብቶ ሲደባለቁ አደገኛ የሚሆኑ ቅመሞች ገዛ። ሌሊቱን በፓሪስ መንገዶች ሲዘዋወር፥ በልጅነቱ በአባቱ መቃብር ላይ ሲነበብ የሰማው፥ ጌታችን በአልዓዛር ሞት ጊዜ ለማርታ የተናገረው ቃለ ወንጌል በጆሮው ይመላለስ ነበር፤ በጭቃው ምክንያት መንገድ መሻገር ያቃታትን አንዲት ሕፃንም አቅፎ አሻገራት። ሽማግሌው የባንክ ሰው ሚስተር ሎሪ ሠረገላውን በስንት ሰዓት እንዲያዘጋጁ፥ የይለፍ ወረቀቶቹን ማን እንዲይዝ፥ የእርሱ መቀመጫ በሰው እንደ ተያዘ ለአንድ ደቂቃ እንኳ እንዳይቆዩ፥ ሁሉንም በዝርዝር አዘዘ። ለስትራይቨር የሰው ነገር ሲያዘጋጅ ያደረው ብልህ አእምሮ የራሱን ጉዳይ ያዘጋጀው ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በወህኒው ክፍል የሆነው ነገር ፈጣን ነው። ካርተን ከዳርኔ ጋር ጫማውን፥ የአንገት ልብሱንና ካፖርቱን ከተለዋወጠ በኋላ፥ በጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ቃል በቃል እየነገረው ሳለ፥ በእጁ የያዘውን መድኃኒት ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ራሱን አሳተው፤ ባርሳድም ወዳጁን ሊሰናበት መጥቶ ኀዘን የጣለው እንግዳ አስመስሎ አስወጣው። ዳርኔ ሳያውቅና ሳይስማማ የዳነ ሰው ነው፤ ፈቃዱን ቢጠየቅ እንቢ እንደሚል ካርተን ያውቅ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ደራሲው እርምጃውን ያዘገያል። በዚያን ቀን የሚሞቱት 52 ሰዎች በአንድ ጨለማ አዳራሽ ተሰብስበው ሳሉ፥ የ20 ዓመት ከሲታ ወጣት፥ በልብስ ስፌት የምትተዳደር ድኻ፥ ወደ ካርተን ቀረበች፤ ከዳርኔ ጋር በሌላ ወህኒ ታስራ ስለ ነበረ እርሱ መስሏት፥ በጋሪው ላይ እጅዎን እንድይዝ ይፍቀዱልኝ አለችው። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ሌላ ሰው መሆኑን ዐወቀች። ዝም እንድትል በጣቱ አመለከታት፤ ስለ ሰውዬው ልትሞት ነውን ብላ ስትጠይቀው፥ ስለ ሚስቱና ስለ ልጁም ብሎ መለሰላት። እርስዋ ሤራ አድርገሻል ተብላ ነው የተፈረደባት፤ ከእርስዋ ጋር ማን እንደሚያሤር እንኳ አልገባትም። በአብዮቱ የሽብር ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ በፍርድ ከተገደሉት 17,000 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ መኳንንት ሳይሆኑ ተራ ሰዎች ነበሩና ይህች ልጅ ከልብ ወለዱ ይልቅ ለታሪኩ የቀረበች ናት። በገጠር ያለች፥ ከእርስዋ በ5 ዓመት የምታንስ፥ እናትና አባት የሌላት የአክስት ልጅ አለቻት፤ በሰማይ ስትጠብቃት ጊዜው ይረዝምብኝ ይሆን ብላ ትጠይቀዋለች፤ ካርተንም ፊቷን ከአንገት መቁረጫው ስለት አዙሮ እስከ መጨረሻ ያጫውታታል። ከስለቱ ሥር ተቀምጠው ሹራብ የሚሠሩት ሴቶች ሲቈጥሩ እርስዋ 22ኛ፥ እርሱ 23ኛ ሆኑ።

የካርተንን መሥዋዕትነት የሚያቃልሉ ሐያስያን አሉ፤ ሕይወቱን ከንቱ ያደረገ ሰው ከንቱ የሆነውን ሰጠ እንጂ ምን ሰጠ ይላሉ። ተቃውሞው እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ ዲከንስ ካርተንን በመልካም ሁኔታ ማኖር አስቸግሮት በመልካም ሁኔታ እንዲሞት አድርጎታል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ሉሲና ዳርኔም በአጠገቡ ሲታዩ እንደ ሥዕል እንጂ እንደ ሰው የማይተነፍሱ መሆናቸው የድርሰቱ ጉድለት ነው። ነገር ግን ፈያታዊ ዘየማንን በዘመኑ ሁሉ ሽፍታ ስለ ነበረ የመጨረሻ ሰዓት ቃሉ ዋጋ የለውም የሚል የእኛ አገር ምእመን አላጋጠመኝም። በእኔ አስተያየት የካርተን ነገር የሚመዘነው በስለቱ ላይ ሳይሆን በልብስ ሰፊዋ ልጅ ዘንድ ነው። ለሉሲ የሚያደርገው ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነውና፥ ሰው ለሚወደው ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ለዚህች ልጅ ግን የሰጠው ቃል የለም፤ ስሙን አታውቅም፤ ስለ ደግነቱ ለማንም ልትናገርለት አትችልም። ያም ሆኖ የቀረውን ጊዜ ሁሉ የራሱን ሞት ትቶ በእርስዋ ፍርሃት ላይ አዋለው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው የካርተን የመጨረሻ ንግግር ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ ያልተነገረ ነው። በ1899 ዓ.ም. ጆን ማርቲን ሃርቪ በለንደን መድረክ፥ በ1935 ዓ.ም. ሮናልድ ኮልማን፥ በ1958 ዓ.ም. ደርክ ቦጋርድ በሲኒማ ካርተንን ሆነው ስለ ተጫወቱ፥ ብዙ ሰው በአንደበቱ የተናገረው ይመስለዋል። ደራሲው የጻፈው ግን በ«ቢሆን ኖሮ» ነው፤ ማዳም ሮላን በ1793 ዓ.ም. ከዚያው ስለት ፊት ቆማ አሳቧን ለመጻፍ ለምና እንደ ነበር አስታውሶ (ስሟን ግን አይጠራም)፥ ካርተንም ተናግሮ ቢሆን፥ ቃሉም ትንቢት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባለ ነበር ይለናል። በዚያ ባልተነገረው ትንቢት ውስጥ ሉሲ ወደፊት ወንድ ልጅ ወልዳ በካርተን ስም ትጠራዋለች፤ ልጁም ካርተን ባበላሸው በሕግ ሙያ እየገፋ ሄዶ የተከበረ ዳኛ ይሆናል፤ የጠፋው ስም እንደዚህ ሆኖ ይመለሳል። አንባብያን የሚያለቅሱበት ይህ ገጽ ለእኔ ከዚያ በፊት ካለው ገጽ ያንሳል። ልበ ርኅሩኁ ዲከንስ ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ መስደድ አልሆነለትም፤ ካርተን ግን ደመወዝ አልጠየቀም ነበር፤ ደራሲው በ23 ላይ ብዕሩን ቢያኖር በወደድሁ።