ርካሽ ብድር ያራቆተው ካዝና

ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ዎኪንግ ወደ 100 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነች። ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የ1.2 ቢሊዮን ፓውንድ ጉድለት እንደሚጠብቀው ይፋ አደረገ። ለዓመቱ መደበኛ ሥራው የነበረው ገንዘብ 16 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ዕዳው በወቅቱ 1.8 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። ለመሆኑ ለአንዲት አነስተኛ ከተማ ይህን ያህል ያበደረው ማነው? በአብዛኛው የብሪታንያ መንግሥት ራሱ ነው።

የሕዝብ ሥራዎች ብድር ቦርድ መነሻው 1793 ነው። ቦርዱ በ2020 ፈርሶ ሥልጣኑ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ቢዛወርም ብድሩ ዛሬም ይሰጣል። መንግሥት ቦንድ ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ጥቂት ወለድ ጨምሮበት፣ እስከ 50 ዓመት በሚደርስ የመክፈያ ጊዜ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ያበድራል። ዋስትናው የምክር ቤቱ ጠቅላላ ገቢ በመሆኑ፣ አበዳሪው የእያንዳንዱን ፕሮጀክት አዋጭነት መመርመር ግድ አላለውም። ከ2004 ወዲህ የብድሩን መጠን የሚወስነው ተበዳሪው ነው። የግል ባንክ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የንግድ ዕቅዱን ማየቱ አይቀርም ነበር።

ዎኪንግ በርካሽ የተበደረውን፣ ድርሻ ላለው ኩባንያ በተሻለ ወለድ መልሶ እያበደረ ሆቴል፣ መደብሮችና ባለብዙ ፎቅ መኖሪያዎች አስገነባ። የሕንፃዎቹ ዋጋ ከወጣባቸው ገንዘብ እጅግ አነሰ። ይባስ ብሎ ምክር ቤቱ ለዋናው ብድር መክፈያ በየዓመቱ ከገቢው ማስቀመጥ የነበረበትን ሳያስቀምጥ ቆይቷል፤ የጉድለቱ ዋና ምንጭም ይኸው ነው።

ገንዘብ ሚኒስቴር ቀድሞም ሥጋት ገብቶት በኦክቶበር 2019 ወለዱን በ1 በመቶ ነጥብ ከፍ አድርጎ ነበር። እርምጃው ግን ሆቴል የሚሠራውንም ትምህርት ቤት የሚሠራውንም እኩል ቀጣ። በኖቬምበር 2020 ጭማሪው ተነሥቶ፣ ለትርፍ ሲል ንብረት ሊገዛ ያቀደ ምክር ቤት ብድሩን እንዳያገኝ ተከለከለ። ይሄኛው ሳይሻል አልቀረም፤ ለዎኪንግ ግን ዘግይቷል።

ነዋሪዎቹ በ2024 የምክር ቤቱ የግብር ድርሻ ወደ 10 በመቶ ገደማ ተጨምሮባቸዋል። በኦክቶበር 2025 ደግሞ መንግሥት ከዕዳው 500 ሚሊዮን ፓውንዱን እንደሚከፍል በመርህ ደረጃ ቃል ገባ። ያበደረውን ራሱ ሊከፍል ነው ማለት ነው። ቀሪውን በኤፕሪል 2027 ሥራ እንዲጀምር የታቀደው የምዕራብ ሰሪ ምክር ቤት ይወርሳል። ቢሮ ሕንፃዎች ለመግዛት ወደ 1 ቢሊዮን ፓውንድ የተበደረው የስፔልቶርን ምክር ቤት ዕዳም ወደዚያው ነው የሚሄደው።