ነፋሱ ቀጥ ሲል መብራቱ ድርግም ይላል?

ተረት፦ ነፋስን ማን ያምናል፤ ሲቆም መብራቱም አብሮ ይጠፋል።

ዴንማርክ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነፋስ ይመነጫል። ተረቱ እውነት ቢሆን ዴንማርካውያን ሻማ ከእጃቸው ባልተለየ ነበር። በሰፊ አገር የተበተኑ ተርባይኖች በአንድ ቅጽበት አይቆሙም፤ የሚዳከሙት በሰዓታት ውስጥ ነው፣ ያንንም የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ባለሙያዎች ከትንበያ ቀድመው ያውቁታል። ነፋሱ ሲደክም ዴንማርካውያን ከኖርዌይ ግድቦች ኃይል ይገዛሉ፤ ሲበረታ ይሸጡላታል፣ ኖርዌይም ውሃዋን ታቆያለች። በሰከንድ ውስጥ ከመስመር የሚወጣውስ፣ የተበላሸ ትልቅ ማመንጫ ነው። መጠባበቂያ መያዝም ነፋስ ያመጣው ልማድ አይደለም።

ተረት፦ ደቡብ አውስትራሊያን ያጨለማት የነፋስ ኃይል ነው።

ይህኛው ጥቂት እውነት ስላለበት በአንድ ቃል አይታለፍም። መስከረም 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ከባድ አውሎ ነፋስ የማስተላለፊያ መስመር ምሰሶዎችን ገነዳደሰ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁ ስድስት ጊዜ ወረደ። ዘጠኝ የነፋስ ማመንጫዎች ደግሞ ቮልቴጅ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ደጋግሞ ሲወርድ ምርታቸውን እንዲቀንሱ ተዘጋጅተው ነበር፤ የኤሌክትሪክ ቋቱ ተቆጣጣሪ ተቋም ይህን አላወቀም። 456 ሜጋ ዋት በጥቂት ሰከንዶች ጎደለ። ጉድለቱን ለመሙላት ከጎረቤቷ ግዛት ከቪክቶሪያ የሚመጣው መስመር ከአቅሙ በላይ ተጫነና ራሱን ቆረጠ፤ ግዛቲቱም ጨለመች። ልብ በሉ፣ ነፋስ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዝቶ ነበር። ጥፋቱ በተርባይኖቹ መቆጣጠሪያ ውስጥ የተጻፈች አንዲት ቁጥር ናት፣ ቁጥሯም ተስተካከለች። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ የማያነዱ፣ ዝም ብለው በመሽከርከር ቋቱን የሚያረጋጉ አራት ግዙፍ ማሽኖች ተተክለዋል፤ የሚሰጡትም የድንጋይ ከሰል ተርባይኖች በክብደታቸው ሲሰጡት የኖሩትን አገልግሎት ነው።

ተረት፦ ግድብ ላለው አገር ነፋስ ትርፍ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፣ ነፋስና ግድብ እንደ ጥሩ ጎረቤት ናቸውና። የኢትዮጵያ የነፋስ ማመንጫዎች፣ የአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ አንድና ሁለት በድምሩ 204 ሜጋ ዋት፣ በአብዛኛው የሚበረቱት ወንዞች በሚያንሱበት በበጋ ነው። ተርባይኖቹ በዞሩ ቁጥር የግድቡ ውሃ በቦታው ይቆያል፤ የውሃ ተርባይን ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ቀን ነፋሱ ያተረፈው ውሃ፣ በየቤቱ ምጣድ በሚጣድበት ምሽት ይለቀቃል።